ከበሩ የማያልፍ ጨዋታ

ሱዳን ውስጥ፣ ከሪያድ ሰፈር ወደ ሶባ በሚሄደው፣ ሃፍላ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ማሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት አርባን ሳትሻገር አልቀረችም። ጠርሃዋን እንደ ሱዳኖቹ ተከናንባለች፤ ግንባሯ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት ግን ከየት እንደመጣች ይናገራል። ጣቶቿን በረኪና በልቷቸዋል። ስልኳን በጠርሃዋ ጫፍ ጠርጋ ከፈተችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀመረች። ሃፍላው ጉድጓድ ሲገባ እንኳ ዓይኗን አልነቀለችም።

ማሩ ጨዋታውን ገና ሲያየው ለየው። በአማርኛ የተጻፈ፣ እያነበቡ ምርጫ የሚነኩበት አጭር ታሪክ ነው፤ አብረውት የቀን ሥራ የሚሠሩት ልጆች ሁሉ ተጫውተውታል። አንዱ «ሳይጀመር ያልቃል» ብሎ አጣጥሎታል። ሌላው «መጨረሻው እንቅልፍ ነሳኝ» ብሎ ምሏል። ማሩ ራሱ አንዴ ጨርሶት ወደ ሥራው የሄደ ነው።

ሴትዮዋ፣ በጨዋታው ውስጥ ለስደት የምትነሳው ልጅ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ስትቆም እናትየው «መቼ ትመለሻለሽ?» ብላ የምትጠይቅበት ቦታ ደረሰች። መልስ ሳትመርጥ ዘጋችውና ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገና እዚያው ስትደርስ እንደገና ዘጋችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትከፍት ማሩ አላስቻለውም።

«እህቴ፣ ‹ቶሎ እመጣለሁ› የሚለውን ንኪው። ጥሩው መጨረሻ በእሱ በኩል ነው።»

ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ጠርሃዋን ብቻ ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«ጨዋታውስ ጥሩ ነው፣ ወንድሜ» አለችው። «እሱን ግን እኔም እናቴን ብያት ነው የመጣሁት።»