መሬቱ ጦም አላደረም

ሕመምተኞችን በቫን ወደ ሕክምና አመላልሳለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ሽማግሌ ከግሌንዴል አንስቼ፣ ለኩላሊት እጥበት ኦሮራ ወዳለ ክሊኒክ እወስዳለሁ። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ካሊፎርኒያ ናቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔም እንደዚያው።

አንድ ቀን አገሬን ጠየቁኝ።

«አስመራ ተወልጄ አዲስ አበባ አደግኩ፤ ያኔ አንድ አገር ነበር። አሁን ሁለት ሆነናል» አልኳቸው።

በመስተዋቱ ትክ ብለው አዩኝ። «የእኛም እንዲሁ ነው» አሉ።

የፑንጃብ ሰው ናቸው። እንግሊዞች ለቀው ሲወጡ ያ ስንዴና ጥጥ የሚያበቅል ለም አገር ለህንድና ለፓኪስታን ተከፈለ። እሳቸው የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቤተሰቡ የሲክ እምነት ተከታይ ነው፤ መንደራቸው ግን የሙስሊሞች በሆነችው ፓኪስታን በኩል ቀረች። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ መነሳት ሲጀምር፣ አባታቸው ጥጡን ውሃ አጠጥተው የቤቱን ቁልፍ ለአንድ ሙስሊም ወዳጃቸው ሰጡ። «ለለቀማ እንመለሳለን» ብለው ወጡ። በዚያው ቀሩ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ የለቀማ ሰሞን ሲመጣ እህል አይበላለትም ነበር» አሉኝ።

«አሁን ፑንጃቢ ከማን ጋር ያወራሉ?»

«ከማንም።»

ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ምስር የምገዛበት ሱቅ ባለቤት ፓኪስታናዊ ነው። ብጠይቀው ፑንጃቢ የቤቱ ቋንቋ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ቀን ከክሊኒክ ስንመለስ በሩ ላይ ፓርክ አደረግኩ። ሽማግሌው ገብተው በቋንቋቸው ሰላም ሲሉት፣ ሰውየው ከባንኮኒው ወጥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ወንበር አመጣላቸውና ወሬ ያዙ። እኔ ምንም ሳይገባኝ የሩዝ ጆንያ ተደግፌ ቆምኩ።

ቫኑ ውስጥ ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቷል።

«መንደራችንን ያውቃታል። የመስኖው ቦይ ዛሬም አለ። መሬታችንን ማን ያርሰዋል ብዬ ጠየቅኩት። ልክ እንደ እሱ አያት፣ ከህንድ በኩል እርሻቸውን ጥለው የተሰደዱ ሰዎች ናቸው አለኝ።» የወንበሩን ቀበቶ አሰሩ። «ይሁን፤ መሬቱ ጦም አላደረም።»

ከዚያ ወዲያ ከሕክምና መልስ ሱቁ ሳንገባ አናልፍም ነበር። ከወራት በኋላ ሽማግሌው ደወሉልኝ።

«ከእንግዲህ ባለሱቁ ያመላልሰኛል፤ አንተ አትቸገር።»

«እሰየው» አልኩ። ከልቤ ነበር።

በዚያ ሳምንት ቫኑ ውስጥ ምሳዬን ስበላ፣ ከነጋ ለማንም አንዲት ቃል እንዳልተነፈስኩ ታወቀኝ። አስመራ ላለችው ታላቅ እህቴ ደወልኩ። ትግርኛዬ ተሰባብሯል፤ እንደምንም ሰላም አልኳት።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

ስሜን ሁለት ጊዜ ነገርኳት።