አክስቴ ያልፈረሙበት ቅጽ

ረቡዕ የካቲት 20 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ30፣ መሐል ሜዳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አዳራሽ የጨረታ ሳጥን ተከፈተ። ለተማሪዎች ማደሪያ ባና ለማቅረብ ሦስት ፖስታ ገብቶ ነበር። አንዱ ዋጋው ሳይነበብ ወደ ጎን ተደረገ። የአክስቴ ነበር።

እኔ የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርሁ፤ አዳራሹ ውስጥ የተገኘሁትም ለዜና ነው። አክስቴ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ለናሙና ያመጡትን ባና አጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ባና የአገራችን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው፤ ክብደቱ ሰው ያህላል፣ የመንዝን ብርድ የሚመልሰውም እሱ ብቻ ነው።

ጨረታው በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ማኅበራት ብቻ የተተወ ነበር። መመሪያውን አንብቤ ለአክስቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ በኅዳር ወር። የተደራጀ ሰው የጨረታ ማስከበሪያ ገንዘብ አያሲዝም፤ በምትኩ ያደራጀው ጽሕፈት ቤት የዋስትና ደብዳቤ ይጽፍለታል። ደብዳቤውን ለማግኘት ደግሞ አባላቱ ከአምስት ማነስ የለባቸውም፣ እያንዳንዳቸውም ሥራ አጥ መሆናቸውን ቀበሌው መመስከር አለበት።

አክስቴ ሦስት ፈታይ ጎረቤቶቻቸውንና አንድ ሸማኔ ይዘው አምስት ሆኑ። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ይሠራል፣ የተሠራውን በሙቅ ውሃ በእግር የሚረግጡት ሁሉም ናቸው። እስከዚያን ጊዜ ድረስ የአክስቴ ባና የሚሄደው በገበያ ቀን ከደብረ ብርሃን ለሚመጣ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና «ቀጭን ነው» ይላል፤ ባለው ዋጋ ይወስዳል።

«አንድ ጊዜ እንኳ ከእጄ ወጥቶ በቀጥታ ለሚለብሰው ሰው ቢደርስ» አሉኝ። የፈለጉት ይኸንኑ ነበር። ያን በጋ ጠጉር እየገዙ ቤታቸውን ሞሉት፤ መተኛ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ።

ለምዝገባ ቀበሌ አብሬያቸው ሄድሁ። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ትሑት።

«ሥራዎ ምንድን ነው እማማ?»

«ጠጉር እፈትላለሁ፣ ባና አሠራለሁ።»

«እንደዚያ ከጻፍሁት ሥራ አለዎት ማለት ነው። ይልቅ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

«ምን ይላል?»

«ምንም ዓይነት ሥራ እንደሌለኝ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ ይላል።»

አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንዲህ አድርገህ ሰው ፊት አዋርደኝ እንጂ! ይኼን የደረብሁትን ማን ፈተለው፣ አንተ?»

ሰልፉ ላይ የነበረው ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዷ «እኔ ልፈርምልሽ፣ እኔ ከባሌ ጋር ከመጣላት በቀር ሥራ የለኝም» አለች፤ ሳቁ ባሰ።

ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ ይፈርሙ። ቅጽ እኮ ነው» አልኋቸው።

«ፈርሜ ለንስሐ አባቴ ምን ልላቸው ነው? አንተስ ያልሆነውን በሬዲዮ ታወራለህ?»

«አላወራም።»

«እንግዲያስ!»

ሌሎቹ አራት አባላት ፈረሙ፤ እሳቸው እንቢ አሉ። ማኅበሩ በአንድ ሰው ጎደለ፣ የዋስትና ደብዳቤውም ሳይጻፍ ቀረ። እኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን ዋስ ጠፋ ተብሎ ሥራ ይቀራል ብለው አላመኑም። ስለ ሰው የሚመሰክር ሁሉም የሚያምነው ማኅተም በአገሩ አንድ ነው፤ እሱን ለማግኘት ወደ ደብሩ ሄዱ። ሰበካ ጉባኤው የጻፈላቸውን ደብዳቤ ፖስታው ውስጥ ከተው ሳጥኑ ውስጥ ጨመሩት። ለእኔ አልነገሩኝም።

በመክፈቻው ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበው። «ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠጉር በመፍተል የሚተዳደሩ፣ በእጃቸው ሥራ የታወቁ ምእመን መሆናቸውን እንመሰክራለን።» አንብቦ ሲጨርስ ወደ ኋላ ተመለከተ።

«እማማ፣ ደብዳቤው ራሱ ሥራ አለዎት ይላል።»

«አዎን አለኝ። እናንተ ባና የምትፈልጉት ሥራ ከሌለው ሰው ነው?»

«መመሪያው ነው እማማ።»

«እንግዲያ መመሪያው ይፍተልላችሁ» ብለው ናሙናቸውን ታቅፈው ወጡ።

ከቀሩት ሁለት ፖስታዎች በዋጋ ያነሰው የአምስት ወጣቶች ማኅበር ሆነና ጨረታውን አሸነፈ። ቅጻቸው የተሟላ፣ ደብዳቤያቸው የታተመ ነበር። እንዝርትም ሆነ የሽመና ዕቃ እንደሌላቸው ከተማው ያውቃል። ከመካከላቸው አንዱ ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጋዜጠኛው፣ ስማችንን አሳምረህ አውራልን» አለኝ።

በማግሥቱ ዜናውን ላክሁ፦ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች የገበያ ትስስር ተፈጠረላቸው። ከመላኬ በፊት ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ መረመርሁ፤ ሐሰት የሆነ አልነበረም። የአክስቴን ነገር ያስቀረሁት ዘመዴ ስለሆኑ ነው ብዬ ነበር። ዘመዴ ባይሆኑም አስቀረው እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ዜናው በሬዲዮ ሲነገር እሳቸውም ሰምተዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ አላነሡብኝም፤ «ቆሎ አለ፣ ቁጭ በል» ብቻ አሉኝ።

ግንቦት ውስጥ እኔ እቤታቸው ሳለሁ ከወጣቶቹ ሁለቱ በአይሱዙ መጡ። አክስቴና ሸማኔው ጠጉሩን ከመጣል ብለው ሠርተው ጨርሰውት ነበር።

«እማማ፣ ባና አለ ብለውን ነው።»

አንዱ ከክምሩ ላይ አንሥቶ ገለበጠው። «ትንሽ ሳሳ ይላል» አለ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ትስስር ያልኸው ይኸ ነው?»

ክረምት እየመጣ ነበር፤ የተከመረ ባና ክረምት ካገኘው ብል ይበላዋል። ወጣቶቹ በጠሩት ዋጋ ሸጡላቸው። አይሱዙው እስኪሞላ ድረስ እኔም ተሸካሚ ሆኜ አብሬ ጫንሁ።

ዓርብ ሰኔ 14 ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ባናዎቹ ርክክብ ተደርጎባቸው መጋዘን ገቡ። የርክክቡን ቅጽ አይቼዋለሁ። «አምራች» በሚለው መስመር ላይ የወጣቶቹ ማኅበር ስም ተጽፏል፣ ማኅተምም አለበት።