የሎሚ ሆድ ባለቤት

ይህን የሎሚን ነገር የነገሩኝ የካ ያሉ የልጅ ልጆቿ ናቸው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየነጠቀው።

ከተማው ገና እንጦጦ ላይ ሳለ ነው። ዱቤ የሚባለው ባሏ ዘመቻ ሄዶ ሲቀር ሎሚ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ሐዘኑ ሳይወጣ የባሏ ወንድም በዳዳ ላግባሽ ብሎ መጣ፤ የወንድምን ሚስት መውረስ የአባቶች ወግ ነዋ። እሷ ደግሞ እምቢ፣ የካ ወርጄ አባቴ ቤት እወልዳለሁ አለች። በዳዳ ልቡ ያለው መሬቱ ላይ ነበር፤ ወንድ ከተወለደ የዱቤ መሬት የሕፃኑ ነው፣ ሕፃኑን የያዘ ደግሞ መሬቱን ያዘ።

ዳኛ ፊት ቀረቡ። በዳዳ አደግድጎ፣ "እሷ ትሂድ ጌታዬ። ሆዷ ያለው ግን የእኛ ደም ነው፤ ኮሶ ጠጥታ ታስወርደዋለች" አለ። ለሆድ ትል የሚጠጣው ኮሶ ፅንስ እንደሚያወርድ አገር ያውቃል። ዳኛውም እስክትወልድ ከአማቷ ጋር ቁራኛ ትሁን ብለው ፈረዱ፤ እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት ትታሰር ማለት ነው። ሎሚን ምን ትያለሽ ያላት የለም።

አማቷ ወለተማርያም የዚሁ የበዳዳ እናት ናቸው። ሰንሰለቱ ሲቆለፍ "ያለ ድግስ ተጋባን እንግዲህ" ብለው ቀለዱ አሉ። አብረው ተኙ፣ አብረው ውሃ ቀዱ፣ ሜዳም አብረው ወጡ።

በሰባተኛው ወር በዳዳ በጠራራ ፀሐይ ሰክሮ መጣና እሺ በይ አላት።

"ሆዴን አሳሰርከው፤ አፌ ግን የራሴ ነው" አለችው።

በዱላ ክንዷን ሰበረው። ስትወድቅ ሰንሰለቱ አሮጊቷንም ጎትቶ ጣላቸው። ሎሚ "በሕግ አምላክ!" አለች። ይህ ቃል ሲጠራ የሮጠ ይቆማል፣ የተነሣ ዱላ ይወርዳል። በዳዳ ግን ሆዷን በተረከዙ ረገጠው፤ ደጋገመው። እናቱ በላይዋ ተደፍተው ሊከልሏት ሲሉ የእሳቸውንም ጥርስ አራገፈ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕፃኑ ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር።

በማግሥቱ ቀድሞ የከሰሰው እሱ ነው። ኮሶ ጠጥታ የወንድሜን ልጅ ገድላለች፣ ትሙትልኝ አለ። ሎሚን በቃሬዛ አመጧት፤ ሰንሰለቱ አልተፈታምና ወለተማርያም ከጎኗ ይራመዱ ነበር። ዳኛው ምስክር ሲጠሩ አሮጊቷ ቆሙ።

"እማዬ፣ ልጅሽ እኮ ነኝ" አለ በዳዳ።

"ልጄ ነህ" አሉትና ወደ ዳኛው ዞሩ። "ሁለት ወር ሙሉ እኔ ሳላይ ውሃ አልጠጣችም። ኮሶ ጠጥታ ከሆነ ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ እኔን ስቀሉኝ። ገዳዩ ይሄው፤ በሕግ አምላክ እየተባለ ነው የረገጣት።"

ዳኛው ብዙ አሰቡ። የሕፃኑን ደም የሚጠይቀው የአባቱ ወገን ነው፤ የአባቱ ወገን ራሱ በዳዳ ነው፤ ስለዚህ ደሙ ጠያቂ የለውም አሉ። በሕግ አምላክ ተብሎ ስላልቆመ ግን አርባ ጅራፍ ይገረፍ።

ሎሚ ከቃሬዛው ቀና አለች። "የእኔን ደምስ የሚጠይቀው ማን ነው፣ ጌታዬ?"

"ጨርሰናል" አሉ።

በዳዳ ጀርባው እስኪተለተል ተገረፈ። እናቱ እጃቸው እንደተፈታ ሊያጥቡት ሄዱ፤ እናት ናቸው፣ ማን ይፈርድባቸዋል። ሎሚም ወደ የካ ወረደች። ክንዷ ጠሞ ዳነ። ኋላ ራሷ መርጣ አገባች፣ አራት ወለደች፤ አራቱንም አባቷ ቤት፣ አዋላጇን ራሷ ጠርታ፣ በሩን ከውስጥ አስቀርቅራ። ባልየው ግባ እስክትለው ደጅ ይቆም ነበር።