ጥጃዋን አሳየው

ባለፈው ረቡዕ ጤና ጣቢያ ነርሷ በልጄ የእድገት ካርድ ላይ አዲስ ነጥብ አደረገች። ነጥቡ ካለፈው ወር ነጥብ ጎን፣ በዚያው ከፍታ ላይ ተቀመጠ። "ክብደት አልጨመረችም፤ ምን ትበላለች?" አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ዓይኔ ላይ የመጣው ግን ሌላ ካርድ ነበር። ጠርዙ የተበላ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ እናቴ ከመጽሐፍ ቅዱሷ መሐል እያወጣች የምታየው የታናሽ ወንድሜ የበረከት ካርድ።

ያኔ እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በረከት አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር። የምንኖረው ሶዶ ውስጥ፣ በሩ ሲከፈት ዳሞታ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት አንድ ክፍል ቤት ነበር። አባቴ ቤሌ በኩል መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር የሚመጣው በወር አንዴ ነው። በረከት ከጡት በቀር ምንም አይበላም። ገንፎ ሲያጎርሱት ጉንጩ ውስጥ ይዞት ይቆይና፣ ዋጠው ብለን ደስ ሲለን እናቴ ጭን ላይ ይተፋዋል። እናቴ ስትጨነቅ አታወራም። ጠዋት ሸሚዙን ስታለብሰው ክንዱን በሁለት ጣቶቿ ከብባ ትለካው ነበር። ጣቶቿ ሲገናኙ ቶሎ ብላ እጅጌውን ወደ ታች ትጎትታለች።

አንድ ቀን ደጅ ብይ ስጫወት ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ከእናቴ ጋር ስታወራ ሰማሁ።

"ጡት እያየ ምን ብሎ ገንፎ ይበላል? እናትሽ ጋ ጥለሽው ነይ። ሦስት ቀን ያለቅሳል፣ በአራተኛው ይበላል።"

"ነርሷ እኮ ጡቱን ሳታቋርጪ ምግብ ጨምሪለት ነው ያለችኝ።"

"ነርሷ ስንት ወልዳለች?"

ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ በሳቅ ያለቀ መሰለኝና ወደ ጨዋታዬ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት አያቴ ቤት እንደምንሄድ ተነገረኝ። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ተዘግቷል። የመናኸሪያው ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። እናቴ ብስኩት ገዛችልኝ፤ ያለ በዓል ብስኩት የማይገዛበት ቤት ነበር የኛ። ቦርሳዋ ግን አላማረኝም። የበረከት ልብስ ሁሉ፣ ብርድ ልብሱ ሳይቀር፣ እዚያ ውስጥ ነበር። የእሷ ግን አንዲት ነጠላ እንኳ የለችም። ሚኒባሱ የበዴሳን መንገድ ሲይዝ ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ በረከትን ትተሽው ልትመጪ ነው?"

"እንዴት ተደርጎ! እሁድ ሁላችንም አብረን እንመለሳለን።"

ዓይኔን እያየች ነው ያለችኝ።

ከበዴሳ ሞተር ይዘን፣ እኔ ከፊት ነዳጅ ጋኑ ላይ፣ እናቴ በረከትን አዝላ ከኋላ፣ አያቴ ደጅ ደረስን። አያቴ የምታወራው በወላይትኛ ነው፤ ድምፅዋ ትልቅ ነበር፣ ስትስቅ ዶሮዎቹ ይሸሻሉ። ምሳ በላን። እናቴ በረከትን ለረጅም ጊዜ አጠባችው። ከዚያ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለችልኝና፣ "ከጓሮ ጥጃ ታስራለች። በረከትን ውሰደውና ጥጃዋን አሳየው። ቀስ ብላችሁ፣ አትሩጡ" አለችኝ።

በረከት እጄን ይዞ ሄደ። የማንንም እጅ አይዝም፣ የኔን ግን ይይዝ ነበር። ጥጃዋ ጣቱን ስትልሰው እየሳቀ "ጃ! ጃ!" አለ። ስንመለስ እናቴ የለችም። ጫማዋም ከደጃፉ ተነስቷል፤ የቀረው እርጥብ አሻራው ነው። አያቴ ጎመን እየከተፈች ቀና ሳትል፣ "ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች" አለችኝ። ቢጫው ጀሪካን ግን ውሃ እንደሞላ ግድግዳው ሥር ቆሟል።

ያን ጀሪካን ሳይ ገባኝ። ሮጬ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆምኩና ሁለት ጊዜ "እማዬ!" ብዬ ተጣራሁ። በጎረቤት እንሰት ላይ ከሚንጠባጠበው ዝናብ በቀር የመለሰልኝ የለም። ከኋላዬ በረከት ማልቀስ ጀመረ።

ሦስት ቀን አልበላም። አያቴ ቡላ በወተትና በቅቤ ሠራችለት፤ ከንፈሩን ገጠመ። ውሃ ከእሷ እጅ ይጠጣል፤ እኔ ኩባያ ስይዝለት ፊቱን ያዞራል። በሁለተኛው ቀን ላጫውተው ብዬ ወደ ጓሮ እጁን ስስበው መሬት ላይ ተቀምጦ ጮኸ። ጥጃዋን ሳሳየው እናቱን የደበቅኳት እኔ እንደሆንኩ ያወቀ ይመስል ነበር። አላወቅኩም ነበር ብዬ የማስረዳበት ቋንቋ በመካከላችን አልነበረም።

"ተወው" አለች አያቴ። "ልጅ ይረሳል።"

"ባይበላስ?"

"አንተም ይሄን አድርገሃል። ይኸው አለህ።"

እኔም በዚህ መንገድ ጡት እንደጣልኩ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

በአራተኛው ቀን የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ቅጠል ላይ ይዤ ደጅ ተቀመጥኩ። አልበላ ሲለኝ ቅጠሉን ከኋላዬ አስቀምጬ ወደ መንገዱ ማየት ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቶ ከጀርባዬ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ ማኘክ ነበር። ዞር ማለት ፈለግኩ፤ ዞር ካልኩ እንደሚያቆም ስለገባኝ ግን አንገቴን አደረቅኩ። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ጀርባዬን ሰጥቼ አበላሁት። ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ቡላ። ሲጨርስ ባዶውን ቅጠል እያየሁ ምን ያህል እንደበላ ለአያቴ እነግራታለሁ።

እናቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣች። በረከት መጀመሪያ አያቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ፤ ኋላ ግን ሄደላት። ሶዶ ስንመለስ የካርዱ ነጥብ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። እትዬ ደስታ፣ "ምን ብዬሽ ነበር?" አለች። ሁሉም ደስ አለው። ልጁ በልቷል፣ አድጓል፤ በዚህ መሐል የኔን ቅያሜ የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ ግን እናቴ ኮሌታዬን ስታስተካክልልኝ ልቤ ይደነግጥ ነበር።

ዛሬ በረከት በቁመት ይበልጠኛል። የማይበላው ነገር የለም፤ ይህን ታሪክ ስነግረው ይስቃል። አያቴ እውነቷን ነው፣ እሱ ረስቷል።

ባለፈው ረቡዕ ማታ እናቴ ልጄን ልታይ መጣች። ካርዱን አገላበጠችና፣ "እኔ ጋ አምጧት። አንተ ዘወር አድርጋት፣ እናትየው ቀስ ብላ ትውጣ" አለች። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅኳት።

"የዚያን ቀን የት ነበርሽ?"

የቱን ቀን እንደሆነ አልጠየቀችም።

"ጎረቤት እንሰት ውስጥ ተቀምጬ። ልጄን ትቼ መሄድ የቻልኩ መሰለህ? ለቅሶው እስኪቆም አልተነሳሁም። አንተም ስትጣራ ሰምቼሃለሁ።"

ልታጽናናኝ ነው ያለችው፤ ዓይኗም እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ሩቅ ስለነበረች ነው ያልመለሰችልኝ እያልኩ ነበር የኖርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቴ ወደ ሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን አነሳች። ልጃችን መስኮት ላይ ወፍ እያየች ስለነበር ሚስቴ በዓይኗ በሩን ጠቆመችኝ። "አይሆንም፣ ንገሪያት" አልኳት። ተመልሳ ተንበረከከችና፣ "እማዬ ሥራ ልትሄድ ነው፤ ማታ እመጣለሁ" አለቻት። ልጄ አለቀሰች፤ ቀሚሷን ይዛ ጮኸች፤ ባጃጁም ደጅ ላይ ጡሩምባውን ነፋ። ሚስቴ ልጃችን እያየቻት ሄደች።

ለቅሶው ረጅም ነበር። ሲበርድላት ገንፎዋን አመጣሁ። ሦስት ማንኪያ ብቻ በላች፤ የካርዱን ነጥብ ከፍ የሚያደርግ አይደለም። ግን ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነው የበላችው።