ጅቡ በር ያንኳኳበት ሰፌድ

ሰብልዬ፣ ነይ ወደ ምድጃው ጠጋ በይ። ጥቅምት ገብቷል፤ ብርዱ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ መውረድ ጀምሯል። ስፌትሽን አልጋ ሥር ስትወረውሪው አይቻለሁ። ላሊበላ ለእንግዳ የሚሸጡት ሴቶች «ተንሻፏል፣ ከእኛ ጋር አናስቀምጠውም» ብለው መለሱልሽ አይደል? «ሁለተኛ ወስፌ አልነካም» ስትዪም ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አላረጀም። እንዲህ አድርጊ አልልሽም። ብቻ ይቺን ስሚኝና ከዚያ እንደፈቀድሽ።

ልጅ ሳለሁ፣ ካንቺ ጥቂት አነስ ስል፣ ቤታችን ገነተ ማርያም አጠገብ ነበር። የእናቴ አክስት እሜቴ ዘርፌ አብረውን ይኖሩ ነበር፤ ዓይናቸው ደክሞ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። ያኔ እንደ ዛሬው አምፖል የለ፤ ኩራዙም ጋዙ እንዳያልቅ ቶሎ ይጠፋና በፍሙ ብርሃን እንቀራለን፤ ጭሱ ከጣራው ሥር ተኝቶ፣ የተነከረው ስንደዶ እየሸተተ፣ እሳቸው ተረት ያወራሉ፣ እኛ ሴቶቹ እንሰፋለን።

የዚያን ዓመት ታላቅ እህቴ የሺ በጥር ልትዳር ነበር። እኔም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አፌን ሞልቼ «ሰፌዷን የምሰፋላት እኔ ነኝ!» አልኩ። ሰፌድ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ዝርግ ካልሆነ ሰፌድ አይባልም፤ ከጎደጎደ ገለባው መች ይወጣል? የእኔው ግን በየዙሩ ጠርዙ ሽቅብ እየተነሣ፣ ኅዳር ሲጋመስ እንደ ቆብ ሆኖ ዐረፈው። ወንድሜ አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋው።

«የሺዬ፣ ይሄን ይዘሽ ከሄድሽ አማትሽ ዶሮ ታስታቅፍበታለች!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሺም ሳቀች፤ የቆረጠኝ የሷ መሳቅ ነው። ነጥቄው እሳት ልከተው ስሄድ እሜቴ ዘርፌ ቀሚሴን ያዙኝ።

«አምጪ እስቲ።»

ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከመሀሉ ጀምረው ዙሩን በጣታቸው ተከተሉት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና «እዚህ ጋ ጅቡ በር አንኳኳ» አሉ። ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ጥቂት ሄዱና «እዚህ ስቀሻል፤ የዝንጀሮዋን ሠርግ ያወራሁ ለት ነው፤ ላልቷል።» ደግሞ ሄዱ። «እዚህ ጅቡ ተመልሶ መጣ። ወይ ልጄ! ሣሩን እኮ አንቀሽዋል።»

እውነታቸውን ነበር። የሚያወሩት ተረት፣ ጅቡ የወንድሟን ድምፅ ተውሶ ብቻዋን ያደረችን ልጅ «እህቴ፣ ክፈቺልኝ» እያለ የሚያባብልበት ነው። እሱ በመጣ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ ሣሩን ለካ እስብ ኖሯል። ጠርዙን የሚያስነሣው የጠበቀው ዙር ነው።

«እንግዲህ ተረቱን ልተወው?» አሉኝ።

«እሱ ከቀረማ ምን ቀረን» አልኩ እያለቀስኩ።

«እንግዲያው ፍሪ፤ መፍራት ያለ ነው። ሣሩ ግን ምን በወጣው? እሱን እኩል ሳቢው።»

የጎደጎደውን ትቼ ሌላ ከመሀሉ አስጀመሩኝ። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ያው ተረት፣ ያው ጅብ። ወንድሜ «እሜቴ፣ ይሄ ጅብ ዛሬም አልጠገበም?» እስኪል ድረስ። ሣር ሲጨነቅ ሲጥ ይላል፤ እሳቸው ይሰሙታል። ተረቱን ሳያቋርጡ «አጠበቅሽ» ይሉኛል፤ እፈታለሁ፣ እደግማለሁ። ጠላኋቸው፣ ምን ልዋሽሽ። ጣቴ ቆስሎ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰፋሁ።

አንድ ምሽት ተረቱ ተለወጠ። ጅቡ አላንኳኳም፤ ለካ ልጅቱ ሳታውቅ ቀድሞ ገብቶ ከጀርባዋ ተቀምጧል። ዞር ብዬ ጀርባዬን አየሁ። ጎንበስ ብዬ ባይ እጄ የራሱን መንገድ ይሄዳል። እሜቴ ዘርፌ አዳመጡና «ሣሩ አልጮኸም» አሉ።

ሰፌዱ በአንድ ጎኑ ጥቂት ቀና እንዳለ ለጥር ደረሰ። የሺ ይዛው ሄደች። ዛሬ ወገል ጤና ከተማ ናት፤ ጠርዙን አድሳ አሁንም ገብስ ታበጥርበታለች። ያንን የጎደጎደውን እናቴ እውነትም ዶሮ አስታቀፈችበት፤ ጫጩቶቹ ደህና ወጡ፤ ወንድሜም «አላልኩም?» እያለ እስከ ዛሬ ይኮራብኛል። እሜቴ ዘርፌ በዚያው ክረምት ዐረፉ፤ ገነተ ማርያም ተቀብረዋል። እኔም እንደምታዪኝ ነኝ። ድርቁም፣ ጦርነቱም፣ የአያትሽም ሞት በየተራ በሬን አንኳኩተው ሄደዋል። ፈርቻለሁ። የዚያን ሰሞን የሰፋሁትን መሶብ ግን ዳብሺው፤ እኩል ነው።

በይ ያንቺውን ከአልጋው ሥር አውጪው። የት ላይ እንደተናደድሽ በጣቴ ልንገርሽ።