የፈቲያ ዋጋ

በአራዳ ገበያ ተምር ሁለት ዋጋ ነበረው፤ አንዱ ነጋዴው የሚጠራው፣ ሌላው የፈቲያ ዋጋ። ነጋዴው የፈለገውን ቢጠራ፣ የአፍንጮ በር እስላም ሴቶች «ፈቲያ ስንት አለች?» ሳይሉ መቀነታቸውን አይፈቱም።

ፈቲያ ከወሎ፣ ከቃሉ አገር፣ በቅሎ ነጂ ባሏን ተከትላ ነው አዲስ አበባ የገባችው። በሦስተኛው ዓመት ባሏን ንዳድ ቀማት። ልጅም ዘመድም አልነበራትም። ከዚያ በኋላ አንድ መጋዘን ገብታ አሥራ አንድ ዓመት ተምር ስትለቅም ኖረች፤ ትልቁን ከትንሹ፣ የነቀዘውን ከጤነኛው፣ የአምናውን ከዘንድሮው ስትለይ። ጌታዋ መጋዘኑን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ለእሷ የቀራት ይኸው እውቀቷ ነበር። ሴቶቹ ተምር ሊገዙ ሲወጡ በደጇ አልፈው ይጠሯታል። ቅርጫቱን ታስከፍታለች፣ ጣቷን እስከ ሥሩ ሰዳ አንድ ፍሬ ታወጣለች፣ ትጨምቀዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ትቀምሰዋለች፤ ከዚያ ዋጋውን ትናገራለች። ምክንያት አትሰጥም። የሚጠይቃት ቢኖር «አንቺ ወጥሽ ላይ ጨው ስትጨምሪ ለሰው ትናገሪያለሽ?» ትላለች። ለድካሟ አንድ እፍኝ ተምር፣ ሲተርፋቸው ደግሞ ጥቂት ዱቄት ይሰጧታል። ነጋዴዎቹም አይጠሏትም ነበር። አንዳንድ ቀን ወደ ሴቶቹ ዞራ «ይኼስ ረክሷል፤ ጨምሩለት» ትላለችና። የጨመሩ ሴቶች ነበሩ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኙ። የዚያን ዓመት የበልግ ጎርፍ አዋሽ ላይ ሐዲዱን ቆርጦ ባቡሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆመ። በደህናው ጊዜ ተምር የሚገዛው ጾሙ ሳይገባ ነበር፤ ያኔ ግን ረመዳን ገብቶ ሦስት ቀን እስኪያልፍ ድረስ አራዳ ላይ ከአምና የተረፈ፣ እንደ ጠጠር የደረቀ ተምር እንጂ ሌላ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ጧት ረሻድ የሚባል ከድሬዳዋ የመጣ ወጣት፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ፣ አሥራ ሁለት ቅርጫት ተምር ደረደረ።

የአፍንጮ በር ሴቶች ለሁለት ቅርጫት አዋጥተው ደረሱ። ፈቲያም አለች። ለጾሟ ሱፍና ተልባ ልትገዛ የወጣችው ጎረቤቷ ሙሉነሽም አብራ ነበረች።

«ስንት ነው?» አለች ነጂባ፣ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ እንደ ልማዷ ከሁሉ ቀድማ።

«አንዱ ቅርጫት ስድስት ብር።»

«ስድስት! አምና በአራት አልነበር? ምነው፣ ውስጡ ወርቅ አለበት?»

«ውስጡስ ፍሬ ነው ያለው» አለ ረሻድ አንገቱን ደፍቶ። «ግን ፍሬው ትንሽ ነው፤ ሥጋው ይበዛል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ፈቲያ ግን አልሳቀችም። ቅርጫቱን ከፍታ እያየች ነበር። ተምሩ ያብረቀርቃል። እርስ በርሱ ተጣብቋል። ጣቷን ሰዳ ስታወጣው ማር የነካች መሰለች።

ልቧ ክፉ ጠረጠረ። መጋዘኑ ሊዘጋ በቀረበበት ዘመን ጌታዋ የአምናውን ተምር በስኳር ውሃ እየረጨች በጨርቅ እንድታሸው ያዛት ነበር። ልክ እንዲህ ያብረቀርቅላት ነበር። ሴቶች እየመረቁ ገዝተውት ይሄዱ ነበር። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ የሚያብረቀርቅ ተምር ባየች ቁጥር ፊቷ በሐፍረት ይግላል፤ ሐፍረቱም ተምሩን በያዘው ሰው ላይ ቁጣ ይሆናል።

«ቅመሺዋ እንጂ» አለች ሙሉነሽ።

«ጾመኛ አይደለሁ?»

«እንግዲያስ እኔ ልቅመስልሽ። የእኔ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቅዳሴ ሲወጣ አንዷን ወርውሬ ልንገርሽ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማን ይገተራል? አሥራ አንድ ዓመት የለቀመ ጣት የሰው አፍ አይለምንም።»

«ግድ የለም እናቴ፣ ይጠብቋት» አለ ረሻድ። «ሁለቱን ቅርጫት ለብቻ አስቀምጥላችኋለሁ።»

እርጋታው ይባስ አናደዳት። ጌታዋም ሲያታልል እንዲሁ ረጋ ይል ነበር። በልማዷ ምክንያት የማትሰጠው ሴት፣ ያን ቀን ገበያተኛው እስኪሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ሰጠች።

«የአምና ተምር ነው። በስኳር ውሃ የታሸ። ሦስት ብር ከአላድ፣ ሦስት ተኩል፤ ከዚያ በላይ የከፈለ ገንዘቡን ገደል ከተተ።»

«ወላሂ፣ እናቴ…»

«በረመዳን አትማል!»

ልጁ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ ብሎ፣ የራሱን ተምር ገና ያን ጊዜ እንዳየ ሁሉ ትክ ብሎ ተመለከተው። ከዚያም ሦስት ሦስት ብር ከአላዱን ተቀብሎ ሁለቱን ቅርጫት ሰጠ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ፈቲያ እፍኟን ተምር በሰሐን አድርጋ፣ ቢስሚላህ ብላ አንዷን ጎረሰች።

የስኳር ውሃ ከላይ ነው። ምላስ አንዴ ከላሰው ጣዕሙ ያልቃል፤ ከሥሩ ደረቅና ኮምጣጣ ሥጋ ይቀራል። ይህ ግን ባኘከችው ቁጥር ጣፋጩ ከውስጥ እየወጣ መጣ። ፍሬውን ተፋችው፤ እንደ ስንዴ ቅንጣት ቀጭን ነበር። ሁለተኛ ጎረሰች። ሦስተኛ። አሥራ አንድ ዓመት ስትለቅም እንዲህ ያለ ተምር በእጇ አልገባም። ላዩ ላይ የነበረው የገዛ ማሩ ነው፤ አዋሽ በረሃ፣ በቆመ ፉርጎ ውስጥ፣ ሙቀት ያስወጣው።

አራተኛውን ማንሳት አቃታት።

ወዲያው ነጂባ እየሳቀች ገባች። «እትዬ ፈቲያ! ቀመሱት? ባሌማ የንጉሥ ግብር ነው ያለኝ! ልጁን በቁሙ ገፈፉት እኮ! እኛ ደግሞ እውነት መስሎን… የስኳር ውሃ! ከየት አመጡት?» ጉንጯን ስማት ወጣች። ከግቢው ማዶ ሌሎቹ ሲሳሳቁ፣ ስሟን ሲጠሩ ይሰማል። እንዲህ ተወድዳ አታውቅም።

ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። እንዲያውም የሚቀጥለው ረመዳን ከበፊቱ የበለጠ ያከብሯታል። ብትናገር ደግሞ እንጀራዋ በዚያች ቃሏ ላይ የቆመ ነው፤ ቃሏ ከተሰበረ በደጇ አልፎ የሚጠራት አይኖርም። ይህንን እያወጣች እያወረደች አደረች።

ጧት ረሻድን ከሱቁ አገኘችው። ከአሥራ ሁለቱ ቅርጫት አምስት ቀርቷል።

«ሸጥህ እንዴ?» አለችው።

«በእርስዎ ዋጋ ሸጥሁ። ከእናንተ በኋላ የመጣ ሁሉ ‹ፈቲያ ሦስት ብር ከአላድ ብላለች› እያለ ከፈለኝ።»

«ልጄ፣ ተሳስቻለሁ። ማታ ቀመስሁት። ስድስት ብር ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም።»

ረሻድ ደስ የሚለው መስሏት ነበር። እሱ ግን አንድ ቅርጫት ላይ ቁጭ አለ።

«የአምና ነው አላሉኝም?» አለ። «እርስዎ ተምር ያውቃሉ ብሎ ገበያው ሁሉ ነግሮኛል። እኔ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አምኜዎት ለአጎቴ ለአብዱልሃሚድ ጻፍሁለት። ጅቡቲ ሆኖ የሚልክልኝ እሱ ነው፤ ያሳደገኝም እሱ ነው። ‹የአምና ተምር ልከህ በሰው አገር ሌባ አሰኘኸኝ› አልሁት። ደብዳቤው በዛሬው ባቡር ሄደ።»

ፈቲያ የሱቁን ሳንቃ ያዘች።

«ስድስት ብር ያልኸው ለምን ነበር?»

«ሃያ ቅርጫት ነው የተላከልኝ። ስምንቱ አዋሽ ላይ ጎርፍ ገብቶበት ተጣለ። የቀረውን ተሸካሚ በትከሻው ሐዲዱ የተቆረጠበትን አሻገረው፤ በየቅርጫቱ አንድ አንድ ብር ከፈልሁ። በስድስት ብር ብሸጥ ለእኔ የምትተርፈኝ ትንሽ ናት።»

«ይህንን ትናንት ለምን አልነገርኸኝም?»

«መች ጠየቁኝ?»

ከዚያ ሴቶቹን ፍለጋ ወጣች። ከበርበሬ ተራው አጠገብ አገኘቻቸው፤ ሙሉነሽም አለች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የጣቷን ስህተት፣ ጎርፉን፣ ተሸካሚውን፣ የመጋዘኑን የስኳር ውሃ ሳይቀር። የጎደለውን እናሟላለት አለቻቸው።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ነጂባ ሳቀች፤ የማታው ዓይነት ሳቅ ግን አልነበረም።

«ትናንት ሦስት ብር ከአላድ፣ ዛሬ ስድስት። ምነው፣ ሌሊቱን አደገ?»

«ስንት ቅርጫት ሰጠዎት?» አለች ሌላዋ።

«አሃ፣ አምናና ካቻምናስ ‹ጨምሩለት› ሲሉን የነበረው…»

«እናንተ!» አለች ሙሉነሽ። «የምትዋሽ ብትሆን ራሷን ታዋርዳለች?»

«አንቺ ደግሞ ያላዋጣሽበት ምን ጥልቅ አደረገሽ? እኛ ተከፋፍለነዋል፣ በልተነዋል።»

ዘንቢላቸውን አንስተው ተበተኑ። ሙሉነሽ ክንዷን ያዘችና «ነይ ወደ ቤት» አለቻት። ፈቲያ ግን ወደ ረሻድ ሱቅ ተመለሰች፤ ሳትጠየቅ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ረሻድም ይሂዱ አላላትም፤ ቆይቶ ለአጎቱ አዲስ ደብዳቤ ጻፈ፣ የሚሄደው ግን ገና በሚቀጥለው ባቡር ነበር።

ከቀትር በኋላ ከራስ መኮንን ድልድይ በኩል የመጣች፣ ፈቲያን የማታውቅ ወጣት ሴት ዋጋ ጠየቀች።

«ስድስት ብር ነው፣ ልጄ» አለች ፈቲያ።

«እማማ፣ ሦስት ብር ከአላድ ነው ሲባል ሰማሁ።»

«እሱን ያልሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው። ስሚኝ ልንገርሽ።» ከዚያ ነገረቻት፤ ተምሩ ከጅቡቲ እንዴት እንደተነሣ፣ ስንቱ እንደጠፋ፣ ስንት እንደተከፈለበት፣ የዘንድሮ ተምር ሥጋ ምን እንደሚመስል፣ የታሸውን ከራሱ ማር እንዴት እንደምትለይ፤ ለማንም ያልገለጠችውን የሙያዋን ምሥጢር ሁሉ። ሴቲቱ ሰማቻት፣ ቅርጫቱን አየች፣ ፊቷን አየች።

«ብቻ ይወደዳል» ብላ ሄደች።

ረሻድ ቅርጫቱን መልሶ ከደነ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሴት መጣች፣ ዋጋ ጠየቀች። ፈቲያ ሻርፗን ከግንባሯ መለስ አድርጋ እንደገና ከጅቡቲ ጀመረች።