ጎማ ተንፍሶ ነው

አንድ ሰሞን ልጄን ከትምህርት ቤት ወደ ማጠናከሪያ የሚያደርሳት ባጃጅ ጎማው በየቀኑ ማለት ይቻላል ይተነፍስ ነበር። ባለባጃጁን ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ወገባቸው እንቢ ሲላቸው ባጃጅ ገዝተው ሸዋሮቢት የተቀመጡ፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ለምንም ነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ልጄን ለምን እንዳዘገዩ ስጠይቃቸው ባርኔጣቸውን ገፋ አድርገው፣ «ጎማ ተንፍሶ ነው ልጄ» ይሉኛል። የኛ አገር ፀሐይ አስፋልቱን ምን እንደሚያደርገው ስለማውቅ አምኜ እተወው ነበር።

እኔ መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት አለኝ። ወደ ደሴ የሚወጣውም ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ተሳፋሪው ባገኘው ነገር ራሱን እያራገበ ይወርዳል። ማንጎ የሚል አለ፣ ፓፓያ የሚል አለ፣ ስፕሪስ የሚል አለ፤ በረዶ ጨምሪበት የማይል ግን የለም። ባለቤቴ ሥራው ሩቅ ነው፣ እኔም ሱቁን ትቼ ልጅ ላመላልስ አልችልም። ስለዚህ ከጎረቤቴ ሁለት ልጆች ጋር ለጋሼ በኮንትራት ሰጠኋት። ከትምህርት ቤት ወደ ማጠናከሪያ ያደርሷታል፣ ከማጠናከሪያ ደግሞ ወደ ጁስ ቤት ይመልሱልኛል።

ማጠናከሪያው ብቻ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት እንግሊዝኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተር፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ማታ ማታ ደግሞ እኔ የጁስ መፍጫውን ሳጥብ እሷ አጠገቤ የቤት ሥራ። ለዚህ ሁሉ ምክንያት ነበረኝ። ልጄ ፊደል ለይታ ቃል መግጠም በጀመረችበት ጊዜ አገሩ ታመሰና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ያን ጊዜ ልጆቹ ትምህርት አልነበራቸውም፣ ጨዋታም አልነበራቸውም፤ ቤት ተዘግቶባቸው፣ ውጭ ኮሽ ባለ ቁጥር የኛን ፊት እያዩ ነው የከረሙት። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መምህሯ አንድ መስመር እንድታነብ ብታዛት፣ መጽሐፉን ትታ እኔን አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ይህች ልጅ አንዲት ደቂቃ አትባክንባትም ብዬ ቆረጥኩ።

እሷም አላስቸገረችኝም። ሂጂ ስላት ትሄዳለች፣ ተቀመጪ ስላት ትቀመጣለች። ጨዋ ልጅ አለችሽ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ማንበቡንም ያዘችው። የቀረው ወሬዋ ነው። ድሮ ከደጃፍ ጀምራ የድመቷን፣ የጎረቤት ዶሮን፣ ያየችውን ሕልም ሁሉ እያወራች ጆሮዬን የምታደነቁረው ልጅ፣ ዛሬ ምን ሠራሽ ስላት «ተማርኩ» ትለኛለች። በቃ፣ ተማርኩ። ደክሟት ይሆናል እላለሁ፤ ሴት ልጅ ስታድግ እንዲህ ናት እያልኩም ራሴን አጽናናለሁ።

አንድ ቀን የማጠናከሪያው አስተማሪ ደወለና ልጆቹ መዘግየታቸው ሳያንስ ጫማቸው አሸዋ ሞልቶ እንደሚመጡ ነገረኝ። በዚያው ቀን ከሱቄ ማዶ የሚሠራው ጎሚስታ የለመዳትን ማንጎ ሊጠጣ ገባ። እኔም የጋሼን ጎማ ለምን አንድ ጊዜ በደንብ አትሠራላቸውም ብዬ ተቆጣሁት። ብርጭቆውን አስቀምጦ ሳቀብኝ። ጋሼ ጎማዎቻቸውን ሁሉ በአዲስ ከቀየሩ ገና ቅርብ ጊዜ መሆኑን፣ እንደ ዓይናቸው ብሌን እንደሚጠብቋቸው፣ እሱ ዘንድ ብቅ ሳይሉ መክረማቸውን አጫወተኝ።

እኔ ደግሞ ደሜ ቶሎ ይፈላል። ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼ፣ ሽርጤን ሳልፈታ ሌላ ባጃጅ ይዤ ወደ ማጠናከሪያው በሚወስደው መንገድ ወረድኩ። ከሽንኩርት ማሳው ዳር፣ የመስኖው ቦይ በሚያልፍበት፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር የጋሼ ባጃጅ በሦስት ደህና ጎማዋ ቆማለች። ጋሼ እግራቸውን ቦዩ ውስጥ ነክረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ልጆቹን ይጠብቃሉ። የጎረቤቴ ልጆች ከማሽላ አገዳ መነጽር ሠርተው ዓይናቸው ላይ አድርገዋል። የኔ ልጅ ግን ምንም አትሠራም። ጥንቅሽ ይዛ አሸዋው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠሉትን የወፍ ጎጆዎች እያየች ለራሷ የሆነ ነገር ታወራለች። እንዲያ ስታወራ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር።

ይህን ያየ ልብ መራራት ነበረበት፤ የኔ አልራራም። ስንት የለፋሁለት ሰዓት አሸዋ ላይ ተንጋሎ ነው የታየኝ። ትልቅ ሰው መሆናቸውን እንኳ ሳላስብ፣ ልጄን በአደራ ሰጥቼዎ እንዴት ይዋሹኛል ብዬ ጋሼን ተናገርኳቸው። ከተቀመጡበት ተነሡ። አልተቆጡም፣ አልደነገጡምም።

«ተንፍሶ ነው ያልኩት ውሸት አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ጎማው አይደለም እንጂ። እነዚህ ልጆች ከክፍል ሲወጡ ትንፋሽ የላቸውም። ትንሽ ይተንፍሱ ብዬ ነው።»

ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ባጃጅ እፈልጋለሁ አልኳቸውና ልጄን ይዤ ሄድኩ። ልጄ ጥንቅሿን እንደያዘች፣ «እማዬ፣ ጋሼን ልታስቀሪያቸው ነው?» አለችኝ። «ነይ፣ ግቢ» አልኳት። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

እሑድ ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትውል እኔ ቀወት፣ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። የሄድኩት ደጋፊ ፍለጋ ነው። እናቴ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ስታይ የሚያማት ሴት ናት፤ ልጅ ሆኜ እጄ ባዶ ከሆነ ወዲያው አንድ ነገር ታስይዘኝ ነበር። ጥላ ሥር ተቀምጣ ማሾ ስትለቅም አገኘኋት። አብሬያት ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ብዬ እየለቀምኩ የጋሼን ጉድ ከነጎማው አወራኋት። አሁን ትናደዳለች ብዬ ብጠብቅ መልቀሟን ቀጠለች።

«አንቺስ ውሃ ልትቀጂ ወርደሽ ስትቆዪ ምን ትዪኝ ነበር?» አለችኝ በመጨረሻ።

ሳላስበው ሳቄ መጣ። ወረፋ ነበር እላት ነበር። እኛ ቤት ሥራ አያልቅም፤ የራሴ የምለው ጊዜ ያ ወደ ምንጩ የምወርድበት ብቻ ነበር። ከሰፈር ልጆች ጋር ጀሪካናችንን ደርድረን ቅልልቦሽ እንጫወታለን። ሲሰለቸን ቋጥኙ ላይ ተጋድመን፣ ከታች በአውራ ጎዳናው የሚያልፉት መኪኖች ወዴት እንደሚሄዱ እየገመትን፣ በውስጣቸው ላሉት ሰዎች ስምና ኑሮ እናወጣላቸዋለን። ዛሬ መንገድ ዳር ጁስ ቤት መክፈቴም ከዚያ ቋጥኝ ላይ የተጀመረ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ፀሐይ አዘቅዝቃ ቤት ስደርስ ወረፋ ነበር እላታለሁ። «እሺ፣ ጀሪካኑን አስቀምጪ» ትለኛለች፤ ሌላ ነገር አትጨምርም።

እናቴ ቀና ሳትል ከማሾው ውስጥ አንዲት ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

«እዚያ ምንጭ ላይ ወረፋ ኖሮ አያውቅም» አለች።

እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር። ድስቷ ውሃ እየጠበቀ፣ አባቴ ከእርሻ ሊገባ ሲል፣ ያቺ ሥራ ፈት የማትወድ ሴት እኔ ተጋድሜ መኪና እንዳይ ብላ እጇን አጣጥፋ ትጠብቀኝ ነበር። ተጠግቼ ትከሻዋን ሳምኳት። ማሾውን በተንሽው ብላ ተቆጣችኝ።

ወደ ሸዋሮቢት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ሳሰላስል ነበር። ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ጊዜና የማንጎውን ጥላ አንድ አድርጌ አይቻቸው ኖሯል። ላይ ላዩን ለሚያያቸው ሁለቱም ባዶ ጊዜ ናቸው። በዚያኛው ግን ልጄ የኔን ፊት እያየች ትፈራ ነበር፤ በዚህኛው የወፍ ጎጆ ታያለች። ያንን የሰጋሁበትን ባዶ ለመሙላት ብዬ ይህንንም ልደፍነው ነበር። ጋሼ ባይኖሩ እደፍነውም ነበር።

ሰኞ በጠዋት ለጋሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ልጄን ማመላለሱን ቀጠሉ። ያን ቀን ልጆቹን ልክ በሰዓቱ ማጠናከሪያ አደረሷቸው፣ ልክ በሰዓቱም መለሷቸው። የልጄ ጫማ ንጹሕ ነው። ምን ሠራሽ አልኳት፤ ተማርኩ አለችኝ። ጋሼን አስቀመጥኳቸውና በትልቁ ብርጭቆ ማንጎ ቀዳሁላቸው።

«ጋሼ፣ ያ ጎማዎ አሁንም አላማረኝም» አልኳቸው። «በየቀኑ ቢተነፍስ አይገርመኝም።»

ብርጭቆውን እንደያዙ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱማ ያረጀ ጎማ ነው» አሉ።

ለአስተማሪው ደውዬ ትምህርቱን ትንሽ ገፋ አድርጎ እንዲጀምር ለመንኩት። እሱም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሮጥ ሰው ነውና ደስ አለው። ጎረቤቴን ላዋያት ብሄድ ቀድማ ታውቅ ኖሯል፤ የአገዳ መነጽሮቹ ቤቷ ተደርድረዋል። ለልጄ ግን አልነገርኳትም። ብነግራት ያም በእኔ ፕሮግራም ውስጥ ይገባና የማንጎ ዛፍ የሚባል ሌላ ትምህርት እንዳይሆንባት ፈራሁ። የራሷ ይሁን ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ፀሐይ ከበረደ በኋላ መጣች። ጫማዋ አሸዋ፣ ፀጉሯ ቅጠል ይዟል። ለምን ቆየሽ አልኳት። መጀመሪያ ወደ ጋሼ ዞር ብላ አየች፣ ቀጥሎ ወደ እኔ።

«ጎማ ተንፍሶ ነው» አለችኝ።

«እሺ፣ ቦርሳሽን አስቀምጪ» አልኳት።

ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ አንዱ ወፍ ጎጆውን ሲሠራ ሣሩ እንዴት እየወደቀበት እንዳስቸገረው ትነግረኝ ጀመር። አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪው ማንጎ፣ ማንጎ እያለ ሲጠራኝ እንኳ አላቆመችም።